የፈረንጁ በጥቁር፣ የእኛው በቀይ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸና ሳየው እንዲህ ይላል፦ «ከአንድ ዓመት በፊት በዛሬዋ ቀን ወደ ኮምቦልቻ ተጉዘዋል! ትዝታዎን ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ።» ከጽሑፉ ጎን አንዲት የምትስቅ ፊት አለች፤ ከስሯ አምስት ባዶ ኮከቦች ተደርድረው እንድሞላቸው ይጠብቁኛል። እኔ ወደ ኮምቦልቻ አልተጓዝኩም። የዛሬ ዓመት በእኔ ስልክ በተቆረጠ ትኬት ሊጓዙ የነበሩት ሰውም አልተጓዙም። ያቺ ወንበር ባዶዋን ነው የሄደችው፤ ይህንን ደግሞ ትኬቱን የቆረጥኩበት የስልክ አፕ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በማግሥቱ «ተጓዡ አልቀረቡም» ብሎ የጻፈልኝ እሱ ራሱ ነው። ታዲያ ይሄ ምን ዓይነት ዓይን አውጣነት ነው? ያላደረሰውን መንገደኛ እንኳን አደረሰህ ይላል እንዴ ሰው? ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሬ፣ ንዴቴ እስኪበርድልኝ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አውሮፕላኖቹ ሆዳቸውን እያሳዩ ሲያልፉ ይታያሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስሞላባቸው የኖርኩ ሴት ነኝ። አልበረደልኝም።

ስሜ አስካለ ነው፤ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ትኬት ቆራጭ ስል የሲኒማ ቤት የሚመስላቸው አሉ። የለም፣ የአውሮፕላን ነው። ቢሮአችን ቦሌ መንገድ ላይ፣ ወሎ ሰፈር አጠገብ፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ዘመኑ ቦሌ እርሾ እንደ በዛበት ሊጥ የሚነፋበት ዘመን ነው። ትናንት የቆርቆሮ አጥር የነበረው ቦታ ዛሬ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተጠምጥሞበት ታገኙታላችሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊ መስታወት ለብሶ ምድር ቤቱ ላይ ካፌ ይከፈትበታል። ካፌው ውስጥ ማኪያቶ ሦስት ብር ነበር፤ «ይሄማ ዘረፋ ነው» እያልን በየቀኑ እንጠጣው ነበር። ሴቱ ሹል ጫማና ከወገብ ዝቅ ያለ ጂንስ ያደርጋል፤ ወንዱ ለእሱ ያልተሰፋ የሚመስል ሰፊ ኮት ለብሶ ሞባይሉን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው ይፎካከራሉ፤ ከወሎ ሰፈር እስከ ኦሎምፒያ በእግራችሁ ስትሄዱ በአንዱ ደጃፍ በሐዘን ዜማ የጀመራችሁትን መንገድ በሌላው ደጃፍ በጭፈራ ትጨርሱታላችሁ። ሞባይልማ ተዉት! ሲም ካርድ ለማግኘት ፎርም ተሞልቶ ወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። ቀፎ ያለው ሰው ታክሲ ውስጥ ገብቶ ባይደወልለትም ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል። ካርዱን በሳንቲም ፍቀን እንሞላለን፤ ፍርፋሪው ከጥፍራችን ሥር ሳይወጣ ሂሳቡ ያልቃል። ስለዚህ ማንም ለማንም አይደውልም፣ ሁሉም ሚስኮል ነው የሚያደርገው። አንድ ሚስኮል «ደርሻለሁ» ነው፣ ሁለት ሚስኮል «ውረጂ» ነው። ያ ቀፎ ካሜራ የለው፣ ካርታ የለው፣ ግን አንድ ቀን እንኳ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ነጋዴዎች ነበሩ። ሲሄዱ ባዶ ሻንጣ በባዶ ሻንጣ ውስጥ ሰክተው የሚሄዱ፣ ሲመለሱ የሻንጣው ኪሎ እንዳያልፍባቸው ሦስት ጃኬት ደራርበው በላብ ተጠምቀው የሚወርዱ፣ የዱባይና የባንኮክ ሰዎች። ግማሾቹ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ አንዳንዶቹ አማርኛም አያነቡም። ትኬቱ ደግሞ ያኔ ወረቀት ነበር፤ ከጀርባው ቀይ ካርቦን ያለው፣ ቀኑን ሙሉ ስንጽፍበት ውለን ጣታችን ቀልቶ የምንገባበት፣ ሽታው የሻይ ብርጭቋችን ላይ ሳይቀር የሚገኝ። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰዓቱም የፈረንጅ ነው። ፈረንጅ የጠዋት ስምንት ሲል እኛ ሁለት እንላለን። ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ችግሩ ያለማወቅ ሆኖ አያውቅም።

የቢሮው ባለቤት ጋሽ መርዕድ ይህንን ከሁላችንም ቀድመው ተረድተዋል። እሑድ እንኳ ክራባታቸውን የማይፈቱ፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ቢሮው በተከፈተ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ሊሄዱ ትኬት ቆርጠው፣ አውሮፕላኑ ከሄደ ከስድስት ሰዓት በኋላ ስንቃቸውን ቋጥረው ኤርፖርት ደረሱ። ጋሽ መርዕድ በአጋጣሚ እዚያ ነበሩና ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲያለቅሱ አዩ። በማግሥቱ ለእያንዳንዳችን ሁለት እስክሪብቶ ገዝተው መጡ፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ቀይ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። የትኬቱ ማቀፊያ ላይ፣ ያ ወፈር ያለው ወረቀት ላይ፣ የፈረንጁ ሰዓት በጥቁር ይጻፋል፤ ከሥሩ የእኛው በቀይ ይጻፋል። ከዚያ መንገደኛው ሁለቱንም በአፉ ሦስት ጊዜ ይደግማል። ሳይደግም ትኬቱ ከእጃችን አይወጣም። «አንቺ ብታውቂው ለራስሽ ነው!» ይሉን ነበር፣ «መንገደኛው አፍ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ትኬት አልቆረጥሽም!» እንዴት እንደምናፍር! አንድ ጊዜ አንድ የተማሩ ሰው «እኔን ነው ሰዓት የምታስቆጥሪኝ?» ብለው ተቆጡብኝ። ጋሽ መርዕድ ከውስጥ ክፍል ሆነው «ዶክተር፣ አውሮፕላኑ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ይድገሙላት!» አሉ። ዶክተሩም ጥርሳቸውን ነክሰው ደገሙልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በመንገድ መዘጋጋት ያመለጠው ሰው አለ፣ ሠርግ ላይ አምሽቶ ተኝቶ የቀረ አለ፤ በሰዓት አቆጣጠር ምክንያት የቀረብኝ መንገደኛ ግን አንድም አልነበረም። ሰው በልጆቹ እንደሚኮራ እኔ በዚህ ነበር የምኮራው።

ሐጂ እንድሪስን ያወቅኋቸው በዚያ ዘመን ነው። ያኔ ገና ሐጅ አልሄዱም፤ ከኮምቦልቻ ገጠር መጥተው ወሎ ሰፈር ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። የሞባይሉ ዘመን ሲመጣ ጨርቁን ትተው ቀፎ ሊያመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዱባይ ተነሱ። ትኬት ሊቆርጡ የመጡት ከታላቅ ወንድማቸው ከጋሽ ሙሄ ጋር ነው። ጋሽ ሙሄ ወንድማቸውን ሊሸኙ ከአገር ቤት የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ምንጣፋችንን ሲያዩ ጫማቸውን በሩ ላይ አውልቀው በባዶ እግራቸው ገቡ። አባትና እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱባቸው እንድሪስን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እንድሪስ ቁርዓን ይቀራሉ እንጂ የአማርኛ ፊደል አልተማሩም። እኔ በጥቁር ዘጠኝ ከአሥር፣ በቀይ ሦስት ከአሥር ብዬ ጻፍኩና «ይድገሙልኝ» አልኩ። «የፈረንጁ ዘጠኝ ከአሥር፣ የእኛው ሦስት ከአሥር» አሉ። ሁለተኛ ደገሙ። በሦስተኛው ጋሽ ሙሄም አብረዋቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙ፣ እሳቸውም የሚሄዱ ይመስል። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ሲወጡ ጋሽ ሙሄ በሩ ላይ ጫማቸውን እያጠለቁ ዞረው አዩኝ። «አብሽሪ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ይሄን ልጅ አደራ ሰጥቼሻለሁ። እንዳይቀርብኝ።» እንድሪስ ያኔ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ነበሩ።

እንድሪስ አልቀሩም። ሄደው መጡ፣ ደግመው ሄዱ፣ በወሎ ሰፈር ቀፎ አንጠልጥሎ ከሚታየው ሰው ግማሹ ከእሳቸው የገዛ ነበር። ለእኔም የመጀመሪያዬን ቀፎ፣ እንደ ዛጎል የሚከደነውን፣ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። መጀመሪያ የወረቀቱ ትኬት ቀረ፣ ቀጥሎ ማቀፊያው ቀረ፣ ቀጥሎ እኛ ቀረን። ሰዉ ትኬቱን ከአልጋው ሳይወርድ በስልኩ መግዛት ሲጀምር ጋሽ መርዕድ ቢሮውን ዘጉ፤ ብዙም አልቆዩ፣ ሞቱ። ቢሮአችን የነበረበት ሕንጻ ፈርሶ ሆቴል ሆኗል፤ የሐጂ ሱቅም በልማት ተነሳ። እኔ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልኝ ቦሌ አራብሳ ገባሁ። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ የሕንጻችን ምድር ቤት አዲስ ሱቅ ተከፍቶ አየሁ፤ ቻርጀርና የስልክ ልባስ ተደርድሯል፣ ከኋላው ሐጂ እንድሪስ ተቀምጠዋል። ከልጃቸው ከጀማል ጋር እኛው ብሎክ ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሆነን እንኖራለን።

ስለ አፑ ደግሞ ልናገር፣ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። የአየር መንገዱ አይደለም፤ የመሐል ሰው ነው፣ ስልክ ውስጥ የገባ ደላላ በሉት። ስትከፍቱት ይቸኩላል። «አሁን አራት ሰዎች ይህንን በረራ እያዩ ነው!» ይላል። እነማን ናቸው? ማን አያቸው? «አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል!» ይላል። እኛ ቢሮ እንዲህ ብሎ ደንበኛ የሚያዋክብ ሠራተኛ ቢኖር ጋሽ መርዕድ በጆሮው ጎትተው ደረጃውን ያወርዱት ነበር። ወንበር ምረጡ ይላችኋል፣ ኢንሹራንስ ግዙ ይላችኋል፣ ሆቴል ልያዝ ይላችኋል፤ የማይላችሁ ነገር ቢኖር «ገብቶዎታል ወይ?» የሚለውን ብቻ ነው። እኛ ስንሳሳት ስም ነበረን፣ ወንበር ነበረን፣ መንገደኛው ተመልሶ መጥቶ የሚጮህበት ፊት ነበረን። አሁን ብትጮሁ የሚሰማችሁ ጎረቤት ነው። ይህንን አፕ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ የእህቴ ልጅ ሜላት ናት። ጭና ስታበቃ በደግነት አንድ ነገር ጨመረችልኝ። «አክስቴ፣ ሁሉንም በአማርኛ አድርጌልሻለሁ፣ ከእንግዲህ አትቸገሪም» አለችኝ። መረቅኋት።

የዛሬ ዓመት ዋዜማ፣ የመግሪብ አዛን እንዳበቃ፣ ሐጂ ከጀማል ጋር ደረጃውን ወጥተው መጡ። ፊታቸውን ሳየው ደነገጥኩ። «ሙሄ ሞተ» አሉኝ በሩ ላይ እንደቆሙ። ቀብሩ በማግሥቱ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ጀማል «አሁኑኑ በመኪና እንነሳ፣ ሲነጋ እንገባለን» አለ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። «ሰባ ስድስት ዓመት የሞላቸውን ሰው በዚህ ጨለማ መንገድ ላይ ልታንገላታ ነው? በአውሮፕላን እኮ አንድ ሰዓት አይሞላም» አልኩት። ስልኬን አነሳሁ። «ኮምቦልቻ፣ ነገ፣ መነሻ 8፡20፣ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል፣ ይፍጠኑ!» ይላል፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ፈጠንኩ። ቆረጥኩ። «ስምንት ሰዓት ከሃያ ነው» አልኳቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት ስክሪኔ እንግሊዝኛ ነበር፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ባየሁ ቁጥር ጭንቅላቴ ሳላዘው ስድስት ይቀንሳል። አማርኛ ግን የቤት ቋንቋ ነው። በአማርኛ «ስምንት ከሃያ» ያለኝ ሰው ከምሳ በኋላ ማለቱ ነው፣ ሌላ አይመጣልኝም። ጠዋት አይል፣ ከሰዓት አይል፣ የፈረንጅ ነው አይል። በቋንቋዬ ሲያናግረኝ ያገሬ ሰው መሰለኝና አመንኩት።

ሐጂ ግን ወዲያው አሰቡት። «በስምንት ከሃያ ከተነሳሁ ለዙህር አልደርስም» አሉና ወደ አገር ቤት ደወሉ። ያነሳው የጋሽ ሙሄ የበኩር ልጅ ነው። «አጎቴ፣ ጀናዛ አይቆይም እኮ፣ ያውቃሉ» ሲል ተሰማኝ። ሐጂ እንድሪስ ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «እሱ ነው ያሳደገኝ። አንዲት አፈር ላልብሰው። እስከ ዐስር ሶላት ብቻ፣ ከዚያ አላልፍም፣ አቆዩልኝ» አሉ። በወዲያኛው በኩል ሰዎች ሲመካከሩ ይሰማል። የዐስር ሶላት አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው የሚሰገደው፤ ከአውሮፕላን ወርዶ ለመድረስ ይበቃል። በመጨረሻ «እሺ፣ ለእርስዎ ሲባል ይቆያል» አሏቸው። ሐጂ ስልኩን ዘግተው እጄን ሳሙኝ። ትኬቱን ለጀማል ላክሁለት፤ እሱም በአማርኛው ስምንት ከሃያ ብሎ አነበበ።

በማግሥቱ ሦስታችንም ስድስት ሰዓት ላይ ኤርፖርት ደረስን። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ራሳቸው የገዙትን ከፈን፣ የመገነዣውን ጨርቅ፣ በፌስታል ይዘው ነበር፤ ወንድማቸው በእሳቸው ጨርቅ እንዲጠቀለል ፈልገው። ትኬት የምታየዋ ልጅ ስልኩን አይታ እንደገና አየችው። «አባቴ፣ ይሄ እኮ ሄዷል» አለች።

«ወዴት ሄደ?» አሉ ሐጂ።

«በረራው። ዛሬ ጠዋት፣ ሁለት ከሃያ ላይ።»

ያን ጊዜ ነው ጭንቅላቴ ስድስት የቀነሰው። ሌላ በረራ አለ ወይ ብለን ተማጸንን፤ የዕለቱ አልቋል፣ የነገው ሞልቷል። ሐጂ ብረት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ደወሉ። «አትጠብቁኝ። ቅበሩት» አሉ። ነገር ግን ቀብሩ ለዐስር ነው ተብሎ ለየመንደሩ ተነግሮ ስለነበር ሰዉ አልመጣም፤ ጋሽ ሙሄ እስከ ዐስር ቆይተው ነው የተቀበሩት። ቀኑን ሙሉ የጠበቁት የማይመጣ ሰው ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እያለቀስኩ ስቀባጥር ሐጂ መስኮቱን እያዩ «አብሽሪ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ የአፑን ቢሮ ጉርድ ሾላ አገኘሁት። አድራሻቸውን የትም አልጻፉም፤ ሜላት ናት ከየት ከየት ብላ ያገኘችልኝ። አምስተኛ ፎቅ፣ የሚያሰምጥ ወንበር፣ መስታወቱ ላይ ስለ ደንበኛ ደስታ የተለጠፈ ጽሑፍ። አንድ መታወቂያውን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ተቀበለኝ፤ እንደዚያ ዘመን ሞባይል።

«እማማ፣ ሲስተሙ ላይ ኖ ሾው ነው የሚለው» አለኝ። «ኖ ሾው ከሆነ ደግሞ ሪፈንድ የለውም፤ ፖሊሲ ነው።»

«ገንዘብ ማን ጠየቀህ?»

«እሺ፣ ኮምፕሌይን ከሆነ ፎርም አለው፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው።»

«ልጄ፣ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ስልኩን ገልጦ አየ። «አራት ከሩብ» አለ።

«እስቲ አዙረህ አሳየኝ።» አዞረው። 10:15 ይላል። «አሥር ከሩብ ነው እኮ የሚለው። ለምን አራት አልከኝ?»

ሳቀ። «ኧረ እማማ! ስድስት መቀነስ ነዋ። ማንም ሰው ያውቀዋል።»

«አፓችሁስ ያውቀዋል?»

ሳቁ ጠፋ። ከጎኑ ያለው ጓደኛው ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ «ትራንስሌሽኑ ቴክስቱን ብቻ ነው የነካው፣ ታይሙን አልነካንም። ፊድባክዎን ለቲሙ እናደርሳለን» አለ። ያን ጊዜ ጮህኩ። ስለ ጋሽ መርዕድ ነገርኳቸው፣ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ ነገርኳቸው፣ አንድ ሰው ሬሳ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ወንድሙን እንደጠበቀ ነገርኳቸው። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ አዳመጡኝ፤ ውኃ በላስቲክ ሰጡኝ። ሊፍት ውስጥ ገብቼ ስወርድ ስልኬ ጮኸ፦ «ከደንበኛ አገልግሎታችን ጋር የነበረዎት ቆይታ እንዴት ነበር?» እግዜር ያሳያችሁ። ይኸው ዓመት ሆነው። ዛሬ ጠዋት ያንን የሚስቅ መልእክት ካየሁ በኋላ ከፍቼ አየሁት፤ የኮምቦልቻው በረራ አሁንም ጥርት ባለ አማርኛ 8፡20 ይላል።

ይህንን ሁሉ ልጽፍ የተቀመጥኩት በንዴት ነው፤ መጨረሻውም አፑን በመርገም ሊሆን ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው፤ አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በእሳቸው የጨረቃ አቆጣጠር የጋሽ ሙሄ ዓመት ካለፈ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ተቀመጡና «ትኬት ቁረጪልኝ፣ ሙሄን መቃብሩ ሄጄ ልዘይረው ነው» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እኔ ያንን ነገር ዳግመኛ አልነካም» አልኩ። ከዚያ አላቆምኩም። የጠዋቱን መልእክት አሳየኋቸው፣ የጉርድ ሾላዎቹን ልጆች ረገምኩ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገር የከረምኩትን እንደ አዲስ ጀመርኩት። ሐጂ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ሲበቃኝ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ጠርዙ የተቦጨቀ ወፍራም ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የትኬት ማቀፊያ ነው፤ የመጀመሪያው የዱባይ ጉዟቸው። ጥቁሩ ደብዝዟል፣ ቀዩ ግን ዛሬም ያስታውቃል፤ የእጄ ጽሑፍ ነው። ፊደል የማያነቡት ሐጂ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ በቃላቸው አሉት፦ «የፈረንጁ ዘጠኝ ከአሥር፣ የእኛው ሦስት ከአሥር።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ድምፃቸው ውስጥ አንዲት ቁጣ አልነበረችም።

«ያኔ ሁለቱንም አስደግመሽኝ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ግን አንዱን ብቻ ነው የነገርሽኝ» አሉ።

ዓመት ሙሉ ይህንን ማንም አላለኝም፤ እኔም ለራሴ አላልኩትም። ሁለቱ እስክሪብቶዎች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ስምንት ከሃያን በጥቁር ጽፌ ቀዩን ባነሳ ኖሮ፣ ቀዩ ምን ልጻፍ ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል ሲለኝ ቸኮልኩ፤ ማንበብ የማይችሉ ሰው ፊቴ ቆመው ሳለ ቸኮልኩ። አፑ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ግን ጋሽ ሙሄ ጫማቸውን እያጠለቁ አደራ ያሉት አፑን አልነበረም።

ተነስቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ቀዩ ደርቋል፤ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ ደጋግሜ ስጭረው ቀስ እያለ ቀለም ሰጠ። የከነገ ወዲያውን ትኬት ቆረጥኩ። ማቀፊያውን ገልብጬ በጀርባው በጥቁር ጻፍኩ፤ ከሥሩ በቀይ ጻፍኩ።

«ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«የፈረንጁ ስምንት ከሃያ፣ የእኛው ሁለት ከሃያ።»

ሁለተኛም ደገሙ። በሦስተኛው ጀመሩና ከመሐል አቆሙ፤ ጎናቸውን፣ ባዶውን ወንበር አዩ። አብሬያቸው ደገምኩ።